«ቢሆን ኖሮ»ን በመሣሪያ አሰሙን፦ ስለ ዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች፤
እንዲሁም የዋልያስን ሙዚቃ ለምትወዱ ሁሉ፣ ባላችሁበት

ጤና ይስጥልን።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ኖታ ማንበብ አልችልም። ያደግሁት ግን አንድ ሸክላ ሲሽከረከር እያየሁ ነው። አጎቴ ቤት፣ ከብፌው ታችኛ መሳቢያ ውስጥ፣ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ሸክላ አለ። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የተባለው፣ ዘፋኝ የሌለበት የመሣሪያ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ሬከርድስ የወጣው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲቆላ አጎቴ ነጠላውን ይፈታል። ሸክላውን ጠርዝ ጠርዙን በመዳፉ ይዞ ያወጣዋል። ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም። መርፌዋ ስታርፍ ትንሽ ታንሾካሹካለች። ከዚያ ሙዚቃው ይመጣል። አቦሉ ሳያልቅ ደግሞ ክርክሩ ይነሳል። በረካ ላይም አያልቅም።

ተከራካሪዎቹ አራት ነን። አጎቴ፣ እኔ፣ ቅዳሜና እሁድ ማታ ክለብ ውስጥ ባስ ጊታር የሚጫወት ጓደኛዬ፣ እና ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በስልክ የምትገባው የአጎቴ ልጅ። ርዕሱ ሁሌ አንድ ነው። ይህ አልበም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር? ድምፃዊ ቢኖርበት? ሙላቱ አስታጥቄ ባይኖሩበት? ሌላ አገር ቢቀረጽ? ባንዱ ባይበተን?

ብዙ ሰው ይህን የሥራ ፈት ወሬ ይለዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። አንድን ሙዚቃ «እንዲህ ባይሆንስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ መስማት ይጀምራል። ከአልበሙ ሥራዎች አንዱ የሆነውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ባሱን ለብቻው ለይቼ የሰማሁት ግን ጓደኛዬ «ይቺ ባስ ባትመላለስስ ኖሮ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። በዚያ ቀን አልበሙ ለእኔ አዲስ ሆነ። ስለዚህ ነው ክርክራችንን ወደ እናንተ ይዤ የመጣሁት።

ዋልያስን ለማያውቅ ወጣት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ባንዱ የተቋቋመው በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነው። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖና ቅንብር፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላከ ገብሬ ባስ ጊታር፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ድራም። እነ ጌታቸው ካሳንና ማህሙድ አህመድን አጅበዋል። በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሲጫወቱ ከተማው ሁሉ ያውቃቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ መነገር አለበት። መሣሪያቸው የራሳቸው ነበር። ያኔ ብዙው ባንድ የሚጫወተው የክለቡ ባለቤት በገዛው መሣሪያ ነው። ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ጋር ከተጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች ግን ኦርጋናቸውንም ድራማቸውንም ጭነው መሄድ ይችሉ ነበር። በእኔ እምነት «ቼ በለው» የተወለደው ከዚህ ነፃነት ነው። በሰው መሣሪያ የሚጫወት ባንድ፣ ዘፋኝ የሌለበት አልበም በራሱ ስም ለማውጣት አይደፍርም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ።

ጓደኛዬ የሚያነሳው የመጀመሪያው ነገር ድምፃዊ ነው። «ድምፃዊ ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ አገር ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር» ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። እኛ ዘፈን የምንይዘው በግጥሙ ነው። አንድ ስንኝ ከጣመን ዜማው ቢረሳንም ስንኙን አንረሳም። በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ በብዙ ቤት የመጠበቂያ ሙዚቃ ነበር። ዜና ሊጀምር ሲል፣ አንዱ ፕሮግራም አልቆ ሌላው እስኪመጣ። ማን እንደተጫወተው አይነገርም። ሰውም አይጠይቅም። ጓደኛዬ የሚቆጨው ይህ ነው። «እነዚህ ሰዎች ስማቸው ሳይጠራ ጆሯችን ውስጥ ኖሩ» ይላል። ሲናገር ድምፁ ይለወጣል፤ እሱም ከዘፋኝ ኋላ ቆሞ የሚጫወት ሰው ነውና።

ቁጭቱን እጋራዋለሁ። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። አልበሙን ልብ ብላችሁ ስሙት። ኦርጋኑ ዘፋኙ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ስንኝ ይጀምራል፣ ይስባል፣ መጨረሻው ላይ ድምፁን ያርገበግባል። ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሳይቀር ይሰማል። የነፋስ መሣሪያዎቹ እንደ ተቀባይ ይመልሱለታል። እዚያ ላይ ድምፃዊ ብታስገቡ ኦርጋኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። አጃቢ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥሩ የዘፈን አልበም እናገኝ ይሆናል። ያኔ ጥሩ የዘፈን አልበም ደግሞ ሞልቶ ነበር።

ደግሞም ግጥም ያጣ ሰው አልነበረም። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የደረሱት ግርማ በየነ ራሳቸው ድምፃዊ ናቸው። ከዚያ በፊት ዘፍነዋል። ለሌሎች ዘፋኞችም ብዙ ሥራ አቀናብረዋል። ቃል ለማስገባት ቢፈልጉ ማንም አይከለክላቸውም ነበር። ኃይሉ መርጊያም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1975 ከዋልያስ ጋር «ትዝታ»ን በመሣሪያ ብቻ ቀርጸዋል። እንግዲህ ይህ ሰዎቹ አስበውበት የሄዱበት መንገድ ነው።

አጎቴ እዚህ ጋ ሁሌ አንድ ነገር ይላል። «ያ ዘመን ቃል የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር።» እውነቱን ነው፤ ሳንሱር ነበር። ደርግ የዘፈን ግጥም ያስመረምር ነበር። ዋልያሶች ግጥም የተዉት ለዚህ ነው ብዬ ግን አልከራከርም። የሰሚው ጉዳይ ነው ይበልጥ የሚገርመኝ። በዚያ ዘመን ቃል የሌለው ሙዚቃ የሰማ ሰው የራሱን ቃል ያስገባበታል። አጎቴ «ሙዚቃዊ ስልት» ሲጀምር የሆነ ሰው ስም በከንፈሩ ይላል። ማን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ሁለተኛው ክርክር የሙላቱ አስታጥቄ ነው። በዚህ አልበም ላይ ጋሽ ሙላቱ በእንግድነት ቫይብራፎን፣ በዘንግ እየተመታ የሚጫወቱትን ባለ ብረት መሣሪያ፣ ተጫውተዋል። ያን ጊዜ ስማቸው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ የቀረጹት አልበም ወጥቷል። በ1974 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ «የካቲት» የተባለው አልበማቸው ወጥቷል። የአጎቴ ልጅ «ሙላቱ ባይገቡ ኖሮ አልበሙ የዳንስ ሙዚቃ ሆኖ ይቀር ነበር» ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚለው። ቫይብራፎኑ ባይኖር ባሱና ድራሙ የበለጠ ይጎሉ ነበር ባይ ነው። ጆሮዬ ወደ እሷ ያደላል። ቫይብራፎኑ ብዙ ቦታ አይወስድም። ገባ ይላል፣ ወጣ ይላል። በገባ ቁጥር ግን ክፍሉ ይሰፋል። ከሞላ የጭፈራ አዳራሽ ወደ በረንዳ ወጥቶ የሌሊት ብርድ ፊት ላይ ሲያርፍ ያለውን ስሜት ይሰጠኛል። ይህ ቢነሳ አልበሙ አይፈርስም። በረንዳው ግን ይዘጋል።

ስለ ርዕሱም እንከራከራለን። አልበሙ ስሙን የወሰደው ከ«ቼ በለው» ነው። ፈረስ ሲነዳ የሚባለው ቃል። ዓለም ያወቀው ግን በ«ሙዚቃዊ ስልት» ነው። ስሙ በዚያ ይሁን ነበር የሚሉ አሉ። እኔ «ቼ በለው»ን እወደዋለሁ። አፍ ላይ ይጋልባል። ይህን ክርክር እዚህ ላይ ልተወው።

ስለ ቀረጻው የምንለው ግን ብዙ ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሙዚቃ ሲቀረጽ ሁሉም አንድ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። ማይክሮፎኑ ጥቂት ነው። እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀርጾ በኋላ ማቀላቀል የሚባል ነገር በቀላሉ አይገኝም። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ወይም ስህተቱ እዚያው ይቀራል። «ኒውዮርክ ሄደው ቢቀርጹት ኖሮ ድራሙ እንዴት ይጮህ ነበር!» ትላለች የአጎቴ ልጅ።

ለዚህኛው ጥያቄ ከፊል መልስ አለን። በእጃችን ነው። ኢዘር ኦርኬስትራ የሚባል ከቦስተን አካባቢ የመጣ የጃዝ ቡድን «ሙዚቃዊ ስልት»ን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው አልበም ላይ ተጫውቶታል። በ2004 ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ ለሕዝብ ተጫውቷል። ስሙት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የነፋስ መሣሪያው ብዙ ነው። ሶሎው ረዥም ነው። በፍቅርና በአክብሮት እንደሠሩት ያስታውቃል፣ እኔም አመሰግናቸዋለሁ። ሁለቱን አከታትዬ ስሰማ ግን አንድ ነገር ይለያል። በዋልያስ ላይ ባሱና ኦርጋኑ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው የሚሄደው። እንደ ባልና ሚስት፤ ሳይተያዩ ይተዋወቃሉ። ያን ስቱዲዮ አይሰጥም። ያን የሰጠው ሒልተን ነው።

እዚህ ጋ ሳልቸኩል ልናገር።

አጎቴ ወጣት ሳለ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አንድ ቅዳሜ ማታ ሒልተን ሄዶ ነበር። ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓቱ ካለፈ ወደ ቤት የለም። የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ነው። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አጎቴ እንዲህ ብሎ ነገረኝ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ይጨፍር ነበር። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ጫማውን ያወለቀ አለ። ጠረጴዛ ላይ ጋደም ያለ አለ። ባንዱ ግን አላቆመም። አንዱን ዜማ ይይዙና ያዞሩታል፣ ያዞሩታል። ኦርጋኑ ዝቅ ይላል። ሳክስፎኑ ብቻውን ይቀራል። እንደገና ሁሉም ይገባሉ። «እንቅልፍና ሙዚቃ ተደባልቆብኝ ነበር» አለኝ። ሊነጋጋ ሲል ሰው ሁሉ ኮቱን ደርቦ ወደ በሩ ሲሄድ ማንም ማንንም ሳያናግር ነው የወጣው። ውጭው ጸጥ ያለ ነበር። የዚያን ዘመን ጠዋት ምን እንደሚታይበት አያውቅም ማንም። አጎቴ ከዚህ በላይ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሰዎቹ እንዲህ ያለ ሌሊት በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በዓመት ስንት ጊዜ አሳለፉ! አንድን ዜማ ለሰዓታት የተጫወተ ባንድ ለሸክላ በጥቂት ደቂቃ ሲያሳጥረው ምን እንደሚቀንስና ምን እንደሚተው ያውቃል። «ቼ በለው» ላይ ትርፍ የለም። እያንዳንዷ ነገር ብዙ ሌሊት ተፈትና የቀረች ናት።

ታዲያ «ሰዓት እላፊ ባይኖር ኖሮ?» የሚለው ጥያቄ ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. 1977 ማለት ቀይ ሽብር ማለት ነው። ስንት እናት ልጇን የጠበቀችበት ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት ውስጥ በር ተዘግቶ የጠራ ሙዚቃ ነው ዛሬ የምንወደው። ያ ዘመን ባይመጣና ይህ አልበም ባይኖር እመርጣለሁ። ሰው ይበልጣል። ዘመኑ ግን መጣ። እነዚህ ሰዎች በዚያ ዘመን ውስጥ ይህን ሠሩ። ስለዚህ ሥራቸውን በክብር መያዝ የእኛ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ክርክር፣ ከሁሉም በላይ የሚያመኝ፣ «ባይበተኑ ኖሮ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከኢትዮጵያ ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ እየዞረ የተጫወተ የመጀመሪያው ዘመናዊ ባንድ ነው። አዳራሹን የሞላው በብዛት የተሰደደው ያገር ልጅ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ አራቱ አልተመለሱም። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬ። ኦርጋኑና ባሱ እዚያ ቀሩ። ትራምፔቱና ድራሙ ተመለሱ። የተመለሱት በዋልያስ ስም አዲስ አበባ ላይ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ያ ሌሊቱን ሙሉ የተገነባ መግባባት ግን በውቅያኖስ ተከፈለ።

ሌላ የመሣሪያ አልበም አብረው ቢሠሩ ምን ይመስል ነበር? የአጎቴ ልጅ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1985 ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን የቀረጹትን ካሴት ስሙ ትላለች። አኮርዲዮን አለበት። ልጅ ሆነው የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሳሉ የያዙት መሣሪያ ነው። ከሱ ጋር ሲንተሳይዘርና በማሽን የተሠራ ድራም አለ። «ወዴት ይሄዱ እንደነበር እዚያ ላይ ይሰማል» ትላለች። ምናልባት ልክ ናት። እኔ ግን ያን ካሴት በሰማሁት ቁጥር የጎደሉት ይሰሙኛል። ድራሙ የተማረ ሐረጉ አይደለም። ሳክስፎኑ የለም። አንድ ሰው የባንድ ሙሉ ትዝታ ይዞ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጋሽ ኃይሉ ለዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ መኪናቸው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ይዘው ይለማመዱ ነበር። ያን የ1985 ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። «ቼ በለው»ም በ2014 እንደገና ታተመ። በ2018 ጋሽ ኃይሉ አዲስ አልበም አወጡ። ጋሽ ግርማም ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው ቆይተው ተመለሱ። በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባለው የፓሪስ ባንድ ጋር ያወጡት አልበም አለ። ሁለቱም ተመለሱ፤ በየፊናቸው። ደስ ይለኛል፣ ያስለቅሰኛልም።

የተከበራችሁ መምህራን፣

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እኛ አራታችን የምንከራከረው በአፍ ነው። እናንተ ጋ ግን ኦርጋን አለ፣ ሳክስፎን አለ፣ ማሲንቆና ክራር አለ፣ ጆሮና ጣት ያላቸው ልጆች አሉ። ስለዚህ አንድ ምሽት ስጡን። ክርክሩን በመሣሪያ አሰሙን።

እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ተማሪዎች «ሙዚቃዊ ስልት»ን እንደ ሸክላው አድርገው ይጫወቱት። ኖታው ተጽፎ፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻ ተለይቶ። ይህ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ አንድ ተማሪ ግጥም ጽፎበት ይዝፈነው። ጓደኛዬ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይስማ፣ እኔም ከጎኑ። ከተሸነፍሁ እዚያው እነግረዋለሁ። ቀጥሎ ቫይብራፎኑን አውጥታችሁ፣ ከዚያ መልሳችሁ አስገብታችሁ አሰሙን። ጆሮ ያለው ይፍረድ። ከዚያ ኦርጋኑ የሚዘፍነውን ዜማ ለማሲንቆ ስጡት። ይህን አጎቴ ነው የጠየቀው። «ኦርጋኑ ማሲንቆ መስሎ ነው የሚያለቅሰው፤ ታዲያ ማሲንቆው ራሱ ቢያለቅስስ?» አለኝ። ከሁሉም ክርክሮቻችን ይህን ነው ለመስማት የምጓጓው።

የመጨረሻውን ደግሞ አታሳጥሩት። የሸክላ አንድ ፊት ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሙዚቃ በዚያ ልክ ነው የሚቆረጠው። እናንተ አንዱን ዜማ ይዛችሁ እንደ ሒልተን ሌሊት አዙሩት። አንድ ሰዓት ይሁን። ልጆቹ ሲደክሙ ምን እንደሚጥሉና ምን እንደሚይዙ እንስማ። ያኔ አልበሙ እንዴት እንደተሠራ በጆሯችን የምንረዳ ይመስለኛል።

ከዚህ በፊት ግን ሁለት ነገር መቅደም አለበት። አንደኛው ፈቃድ ነው። ሥራው ባለቤት አለው። ደራሲዎቹ ተጠይቀው፣ ፈቅደው፣ ስማቸው በትልቁ ተጽፎ ይሁን። ሁለተኛው ደግሞ የሽማግሌዎቹ ቃል ነው። በዚያ ዘመን የተጫወቱ፣ የቀረጹ፣ ሸክላ የሸጡ፣ የጨፈሩ ሰዎች አሉ። ተማሪዎቻችሁ ሄደው ያናግሯቸው። ድምፃቸውን ይቅረጹ። በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ማን የት ቆሞ ነበር? ስንት ጊዜ ተደገመ? ምን ተጥሎ ምን ቀረ? ስለ እነዚህ ሙዚቀኞች የተጻፈው አብዛኛው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። እንደገና ከታተሙት ሥራዎች ጋር የወጣ ነው። ለጻፉት ምስጋና ይገባቸዋል። እነሱ ባይኖሩ ብዙው ጠፍቶ ነበር። አጎቴ ግን ሁለቱንም ቋንቋ አያነብም። የራሱን ወጣትነት ሙዚቃ ታሪክ በራሱ ቋንቋ ማንበብ አለበት።

ለእናንተ ለዋልያስ ወዳጆችም አንድ ቃል አለኝ። ስንከራከር አንዳንዴ እንደ ኳስ ደጋፊ እንሆናለን። «የሙላቱ ነው»፣ «የኃይሉ ነው»፣ «የግርማ ነው» እየተባባልን አንዱን ለማንሳት ሌላውን እንጥላለን። ያመኛል። ይህ አልበም የባንድ ነው። ትራምፔቱን ማን እንደነፋው ሳናውቅ ስለ አልበሙ ባለቤት አንጣላ። በየቤታችሁ የቀረ ነገር ካለ አውጡት። የሸክላ ሽፋን፣ የሒልተን ፎቶ፣ የድሮ የመግቢያ ወረቀት። ፎቶ አንስታችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ አትጠፉም። ያን ማታ ምን እንደተጫወቱ ጻፉልን። ባንዱ ሙሉ ሆኖ የተሰማበት ከመጨረሻዎቹ ምሽቶች አንዱን ያያችሁት እናንተ ናችሁ።

ከእኛ በኩል አቅማችን የፈቀደውን እናደርጋለን። ጓደኛዬ የባስ ድርሻውን ከሸክላው አውጥቶ ለተማሪዎች ሊያስረዳ ዝግጁ ነው። ወንበር ማመላለስ፣ ቡና ማፍላት፣ ሽማግሌዎቹን ከቤት አምጥቶ መመለስ የእኔ ድርሻ ይሁን። የአጎቴ ልጅ ትኬት ቆርጣ እንደምትመጣ ቃል ገብታለች።

አጎቴን ስለዚህ ደብዳቤ ስነግረው ዝም አለ። ቡናውን ጠጣ። ከዚያ ተነስቶ መሳቢያውን ከፈተ። ሸክላው ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። «ለማወዳደር ይጠቅማቸዋል፣ ውሰድላቸው» አለኝ። ቀኑን ብቻ ንገሩን። በነጠላው ጠቅልዬ አመጣዋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የዋልያስ ወዳጅ
አዲስ አበባ